የስልክ ቻርጀር የመኪናን ሬዲዮ ለምን ይረብሻል? ረብሻውስ እንዴት ይቀንሳል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን መንገድ የሚጓዝ አሽከርካሪ ሸገር 102.1ን እያዳመጠ ሳለ፣ ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ድምፁ መሻከር ቢጀምር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቅሰው ርቀቱን ወይም ተራራውን ነው። ርቀትና ተራራ የኤፍ ኤም ሥርጭትን ማዳከማቸው እውነት ነው። ሆኖም በላይተር ቀዳዳው ላይ የተሰካው የስልክ ቻርጀር ሲነቀል ጣቢያው ወዲያው ጠርቶ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህን ያላስተዋለ ባለመኪና አንቴና ያስቀይራል፣ ቴፕ ያስፈታል፣ አንዳንዴም አዲስ ቴፕ ይገዛል፤ ችግሩ ግን ቻርጀሩ ከቦታው እስካልተነሣ ድረስ ከአዲሱ ቴፕ ጋርም አብሮ ይቀጥላል።

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ጎልቶ የሚታየው ስልክ በመኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሚውል ነው። በስልክ መተግበሪያ ጥሪ የሚቀበሉ የታክሲ ሾፌሮች፣ በካርታ የሚመሩ ተጓዦች፣ በፊት መስታወቱ ላይ ካሜራ የለጠፉ አሽከርካሪዎች ቻርጀራቸውን ከጠዋት እስከ ማታ አይነቅሉም። ስለዚህ ረብሻው በመኪናው ውስጥ ቋሚ ነዋሪ ይሆንና ባለመኪናው የሬዲዮው ተፈጥሮ ይመስለዋል።

ቻርጀሩ በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው?

የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ሲጀምር ወደ 14 ቮልት ከፍ ይላል። ስልክ በተለመደው የዩኤስቢ መስመር የሚቀበለው 5 ቮልት ሲሆን፣ ፈጣን ቻርጅ የሚባሉት ዘዴዎች ደግሞ እንደ ስልኩ ዓይነት 9 ቮልትና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። የቻርጀሩ ሥራ እንግዲህ ከመኪናው የሚመጣውን ቮልቴጅ ስልኩ በሚችለው ልክ ዝቅ ማድረግ ነው።

ቮልቴጅን ዝቅ ለማድረግ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ትርፉን ወደ ሙቀት ለውጦ መጣል ነው። ከ14 ቮልት 5 ቮልት አውጥቶ በ2 አምፔር ስልክ የሚሞላ ቻርጀር በዚህ መንገድ ቢሠራ፣ ለስልኩ 10 ዋት ለመስጠት 18 ዋት በሙቀት ያባክናል፤ ጣት በሚያህል ፕላስቲክ ውስጥ ይህን ያህል ሙቀት ማስተናገድ አይቻልም። ዘዴው አንድ በጎ ጎን ነበረው፤ ምንም ዓይነት የሬዲዮ ረብሻ አይፈጥርም።

ሁለተኛውና ዛሬ በሁሉም ቻርጀር ውስጥ ያለው መንገድ ማብራትና ማጥፋት ነው። ከአንድ በርሜል ላይ ውኃ ያለማቋረጥ የሚቀዳበትን ቤት እናስብ፤ በርሜሉ ጎድሎ እንዳይደርቅ፣ ሞልቶም እንዳይፈስ አንድ ሰው ግፊቱ ኃይለኛ የሆነውን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ እየከፈተ መልሶም ሙሉ በሙሉ እየዘጋ ይቆጣጠረዋል። ውኃው በልኩ ይቆያል፣ የሚባክንም የለም። ዳሩ ግን ግፊት ያለበት ቧንቧ በድንገት በተዘጋ ቁጥር ቱቦው ይንኳኳል፤ ንኳኳታውም ቱቦው በተዘረጋበት ሁሉ፣ እስከ ሌላው ክፍል ድረስ ይሰማል። በቻርጀሩ ውስጥ ቧንቧውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ትራንዚስተር ነው፤ የበርሜሉን ሥራ የሚሠሩት ኢንዳክተር የሚባለው የሽቦ ጥቅልና ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ናቸው፤ ንኳኳታው ደግሞ በሬዲዮ የምንሰማው ረብሻ ነው። ቻርጀሩን ትንሽ፣ ቀዝቃዛና ርካሽ ያደረገው አሠራርና ሬዲዮውን የሚረብሸው አሠራር አንድና ያው መሆናቸው የጉዳዩ ቁልፍ ነው፤ ረብሻው ቻርጀሩ ስለተበላሸ የሚመጣ አይደለም።

ትራንዚስተሩ የሚከፍትና የሚዘጋበት ፍጥነት እንደ ቺፑ ይለያያል። በርካሽ ቻርጀሮች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲገባ የኖረው ኤም ሲ 34063 የተባለው ቺፕ ቢበዛ በሰከንድ 100 ሺህ ጊዜ ይሠራል። አዳዲሶቹ በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ፣ አንዳንዶቹም ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይሠራሉ።

በሰከንድ 100 ሺህ ጊዜ የሚሠራ ነገር 102.1 ሜጋ ኸርዝን እንዴት ሊነካ ይችላል?

ድግግሞሽ ማለት አንድ ነገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያሳይ ቁጥር ነው። በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚመላለስ 1 ኪሎ ኸርዝ፣ ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ 1 ሜጋ ኸርዝ ይባላል። ከዚህ አንጻር 100 ኪሎ ኸርዝ ከ102.1 ሜጋ ኸርዝ ከሺህ ጊዜ በላይ ያንሳል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ያለ አይመስልም።

የሚያገናኛቸው የመክፈቱና የመዝጋቱ ድንገተኛነት ነው። ቀስ ብሎ ከፍ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ የሚል ሞገድ በራሱ ድግግሞሽ ላይ ብቻ ይቀመጣል። በድንገት ከዜሮ ወደ 12 ቮልት የሚዘል፣ በድንገትም የሚወድቅ ሞገድ ግን ከራሱ ድግግሞሽ በተጨማሪ በብዜቶቹ ሁሉ ላይ ምልክት ይፈጥራል፤ እነዚህን ብዜቶች የሙያው ሰዎች ሃርሞኒክ ይሏቸዋል። በ97 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ቻርጀር በ194፣ በ291፣ በ388 እያለ ይቀጥልና ዘጠነኛው ብዜቱ 873 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይደርሳል። እዚያው አጠገብ በመካከለኛ ሞገድ የሚሰራጭ ጣቢያ ካለ አድማጩ ከንግግሩ ሥር ፉጨት ይሰማል፤ የርካሽ ቻርጀር ድግግሞሽ ደግሞ ከሙቀቱና ከስልኩ ፍላጎት ጋር ስለሚንሸራተት ፉጨቱ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል።

ወደ ኤፍ ኤም ሲደረስ ብዜቱ ከመቶኛና ከሺህኛ በላይ ስለሚሆን በደንቡ ተዳክሞ ማለቅ ነበረበት። እንዳያልቅ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ዘመናዊ ትራንዚስተር የሚከፍተውና የሚዘጋው በጥቂት ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋዮች ውስጥ መሆኑ ነው፤ ዝላዩ በፈጠነ ቁጥር ከፍተኛዎቹ ብዜቶች ጉልበት ያገኛሉ። ሁለተኛው ትራንዚስተሩ በተዘጋ ቁጥር የቻርጀሩ ክፍሎች በተገጠሙበት ሰሌዳ አጫጭር መስመሮች ውስጥ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት የሚንቀጠቀጥ መሆኑ ነው፤ ይህ መንቀጥቀጥ በአሥሮች ከሚቆጠር ሜጋ ኸርዝ እስከ 100 ሜጋ ኸርዝና ከዚያም በላይ ስለሚገኝ በኤፍ ኤም መስመር ላይ፣ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ውስጥ፣ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚህ ላይ የጉልበት አለመመጣጠን አለ። ሬዲዮው ከሩቅ ጣቢያ በአንቴናው የሚቀበለው ምልክት በማይክሮቮልት የሚለካ ሲሆን፣ አንድ ማይክሮቮልት የአንድ ቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቻርጀሩ በአንጻሩ ከቴፑ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ 12 ቮልት እያበራና እያጠፋ ነው። ከዚያ ውስጥ ኢምንቱ ቢያመልጥ እንኳ ከመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ከመጣው ድምፅ ጋር የሚፎካከር ይሆናል። የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ብዙዎቹ 24 ቮልት ስለሆኑ በእነሱ ውስጥ ዝላዩ እጥፍ ነው።

አድማጩ የሚሰማው ምንድን ነው?

በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ረብሻው አይደበቅም፤ ፉጨት ወይም ደረቅ ጩኸት ሆኖ ይሰማል። በአጭር ሞገድ የዶቼ ቬለን የአማርኛ ሥርጭት በመኪና ውስጥ ለማዳመጥ የሚሞክር ሰው ቻርጀሩን ሳይነቅል ብዙም አይሳካለትም።

ኤፍ ኤም ግን ያታልላል። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ከሁለት ምልክቶች በርታ ያለውን ይዞ ደካማውን የመተው ባሕርይ አለው። ስለዚህ ጣቢያው ቅርብ ሲሆን ቻርጀሩ ያለ አይመስልም፤ ጣቢያው እየራቀ ሲሄድ ግን የሚጠፋበት ቦታ ቻርጀር ከሌለው መኪና በብዙ ይቀድማል። አሽከርካሪው ርቀትን የሚወቅሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ሌላ አብዛኞቹ የመኪና ሬዲዮዎች ምልክቱ መበከሉን ሲያውቁ አድማጩን ላለማሰልቸት ስቴሪዮውን ወደ አንድ ድምፅ ያጠጋጋሉ፣ ቀጭኑንም ድምፅ ይቀንሳሉ። የመጀመሪያው የረብሻ ምልክት እንግዲህ ሽሽታ ሳይሆን የሙዚቃው መደብዘዝ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን የስፒከር እርጅና አድርጎ ይወስደዋል። ሬዲዮው በራሱ ጣቢያ እንዲፈልግ ሲታዘዝ የሚያውቃቸውን ጣቢያዎች እየዘለለ ካለፈ ወይም ባዶ ቦታ ላይ ከቆመም ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎች የሚገጥማቸው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋና ዋና አገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አውጥታ ዳብ ወደሚባለው ዲጂታል ሥርጭት አዛውራለች፤ በብሪታንያና በጀርመንም ዲጂታሉ በስፋት ይሠራል። ዲጂታል ሬዲዮ ሲረበሽ አይጮኽም፤ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ጭራሹን ዝም ይላል። ቻርጀር የተሰካበት መኪና ውስጥ በየጥቂቱ ዝም የሚል ዳብ ሬዲዮ ጥገና ከመግባቱ በፊት ቻርጀሩን መንቀል ይገባል። በነገራችን ላይ የመኪናውን በር በርቀት የሚከፍተው ቁልፍና የጂፒኤስ መቀበያም በዚሁ ረብሻ ይጠቃሉ፤ ከሳተላይት የሚመጣው የጂፒኤስ ምልክት እጅግ ደካማ ስለሆነ መስታወት ላይ የተለጠፈ ካሜራ ብቻውን ሊያጠፋው የሚችልበት አጋጣሚ አለ።

ረብሻው ከቻርጀሩ ወጥቶ ሬዲዮው ዘንድ በየት በኩል ይደርሳል?

ሁለት መንገድ አለው፤ በሽቦና በአየር። በሽቦ የሚሄደው ከቻርጀሩ ወደ ኋላ፣ በላይተሩ በኩል ወደ መኪናው የ12 ቮልት መስመር ይመለሳል። ቴፑም ኃይል የሚያገኘው ከዚያው መስመር ስለሆነ ረብሻው በኤሌክትሪክ መግቢያው ይገባል፤ በዳሽቦርዱ ውስጥ በታጨቁት ሽቦዎች እየተላለፈም የአንቴናውን ገመድ ይነካል። መካከለኛ ሞገድን የሚያውከው በአብዛኛው ይህ ነው።

በአየር የሚሄደውን በተመለከተ ዋናው ተጠያቂ ቻርጀሩ ራሱ ሳይሆን የስልኩ ኬብል ነው። የ102.1 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሽቦ ደግሞ የሞገዱን ሩብ፣ ማለትም ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ለዚያ ሞገድ ጥሩ አንቴና ይሆናል። በየሱቁ የሚሸጠው የስልክ ኬብል 1 ሜትር ነው። ሳናውቀው ለኤፍ ኤም የተመጠነ ማሰራጫ አንቴና ከቻርጀሩ ጋር አያይዘን በዳሽቦርዱ ላይ ዘርግተነዋል ማለት ነው። የመካከለኛ ሞገድ ርዝመት ግን በመቶዎች ሜትር ስለሚቆጠር ኬብሉ ያን ያህል ሊያሰራጨው አይችልም። የኤፍ ኤም ረብሻን ለመቀነስ ኬብሉን፣ የመካከለኛ ሞገድን ለመቀነስ የኃይል መስመሩን መመልከት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የመኪናው የራሱ አንቴና ሁኔታ ሚዛኑን ይወስናል። ከብረት አካሉ ውጭ፣ ጣሪያ ላይ የቆመ አንቴና ከውስጥ ከሚመጣው ረብሻ በአካሉ ይጋረዳል። አንቴናው ከተሰበረ፣ ከተሰረቀ ወይም ግርጌው ዝጎ ከአካሉ ጋር መገናኘቱን ካቆመ ግን ሬዲዮው ከውጭ የሚመጣውን ምልክት ያጣና በውስጥ ያለውን ረብሻ ብቻ ይለቅማል። በመስታወት ውስጥ የታተመ አንቴና ያላቸው መኪኖች ከመስታወቱ አጠገብ ለተሰካ ካሜራና ኬብል ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የፋብሪካው ቴፕ ወጥቶ ትልቅ ስክሪን ያለው አንድሮይድ ሲገጠም የአንቴናውን ማጉያ ኃይል የሚሰጠው ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው፣ ሳይገናኝ ይቀራል። ማጉያው ስለማይሠራ ምልክቱ ይደክማል፤ ያኔ ከዚህ በፊት የማይሰማ የነበረ የቻርጀር ረብሻ ገንኖ ይወጣል። ስክሪኑ ራሱም የኮምፒውተር ዓይነት መሣሪያ ስለሆነ የራሱን ረብሻ ይጨምራል።

ጥፋተኛው ቻርጀሩ መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ሬዲዮው በሚሠራበት ቦታ ላይ ማድረግ፤ ከዚያ ጎልቶ የሚሰማ ሳይሆን ደካማ ጣቢያ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ጠንካራ ጣቢያ ላይ የሚደረግ ሙከራ ምንም አያሳይም። ቻርጀሩን ከላይተሩ ነቅሎ ማዳመጥ፣ ያለ ኬብል ሰክቶ ማዳመጥ፣ ኬብሉን ብቻ አያይዞ ማዳመጥ፣ በመጨረሻም ባትሪው የጎደለ ስልክ ሰክቶ ማዳመጥ። ስልኩን ብቻ መንቀል አያረካም፤ ቻርጀሩ ስልክ ባይያያዝበትም ይሠራልና። ሙሉ የሆነ ስልክ የሚወስደው ትንሽ ስለሆነ ረብሻውን ሊሸፍን ይችላል። ረብሻው የሚመጣው ኬብሉ ሲያያዝ ከሆነ አንቴናው ኬብሉ ነው፤ ቻርጀሩ ብቻውን ሲሰካ ከመጣ ግን መንገዱ የመኪናው የኃይል መስመር መሆኑ ይገመታል።

ከቻርጀር ረብሻ ጋር የሚምታቱ ድምፆች አሉ። ነዳጅ ሲረገጥ እየቀጠነ የሚወጣ፣ ሲለቀቅ የሚወርድ ዋይታ የዲናሞው ነው። በየመሐሉ «ትትትት» እያለ የሚመጣና ስልክ ከመጥራቱ ጥቂት ቀድሞ የሚሰማው ድምፅ የሁለተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ነው፤ ስልኩ በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚልክ በስፒከር መስመር ውስጥ ይሰማል፣ ከቻርጀሩ ጋር ግንኙነት የለውም። ስልኩ ቻርጅ እየተደረገ በኦክስ ገመድ ሙዚቃ ሲያጫውት ብቻ የሚመጣ ጩኸት ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ጉዳይ አይደለም፤ የቻርጀሩና የኦክሱ ገመድ የየራሳቸው የአሉታዊ መስመር ስላላቸው በሁለቱ መካከል የሚዞር ጅረት ነው፤ ብሉቱዝ መጠቀም ወይም በኦክሱ መሐል የሚገባ መለያ ትራንስፎርመር መግጠም ይፈታዋል። በላይተር ተሰክቶ የስልክን ሙዚቃ ወደ ኤፍ ኤም የሚልክ መሣሪያ ያለው ሰው መሣሪያው በአንድ ጊዜ ቻርጀርም ማሰራጫም መሆኑን ማሰብ አለበት። በፊት መብራት ውስጥ የገቡ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎችም በዚሁ የማብራትና የማጥፋት ዘዴ ስለሚሠሩ መብራቱን አጥፍቶ መሞከር ተገቢ ነው።

ረብሻውን ለመቀነስ ምን ማድረግ ይቻላል?

ምንም ወጪ የማይጠይቀው እርምጃ ርቀት ነው። መኪናው ሁለተኛ ላይተር ካለው፣ በተለይም በኋላ ወንበር አካባቢ፣ ቻርጀሩን ከቴፑና ከአንቴናው ገመድ ማራቅ የሚያመጣው ለውጥ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። ኬብሉን ማሳጠርም እንዲሁ፤ የ30 ሳንቲ ሜትር ኬብል ለኤፍ ኤም ደካማ አንቴና ነው። ረጅም ኬብል የግድ ከሆነ ከመስታወቱ ጠርዝና ከአንቴናው መስመር አርቆ መዘርጋት ይገባል።

ሁለተኛው እርምጃ ፌራይት ነው። ፌራይት ከብረት ኦክሳይድና ከሌሎች ማዕድናት ተጋግሮ የሚሠራ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ተሰባሪ ቁስ ነው፤ በአሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ገመዶች ጫፍ ላይ የሚታየው እብጠት ውስጡ ፌራይት ነው። ለሁለት ተከፍቶ ገመድ ላይ የሚቆለፈው ዓይነት ለመኪና ይመቻል። የሚገርመው ፌራይት ስልኩ ቻርጅ እንዳይደረግ ሳያግድ ረብሻውን ብቻ ማገዱ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ቻርጅ የሚያደርገው ጅረት በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ በፌራይቱ ውስጥ የሚፈጥሩት መግነጢስ ይጣፋል፤ ከኬብሉ የሚሰራጨው ረብሻ ግን በኬብሉ ሽቦዎች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ፌራይቱ ያገኘዋል፣ ወደ ትንሽ ሙቀትም ይለውጠዋል።

ፌራይቱ የሚቀመጥበት ቦታ ለውጥ አለው። ኬብሉ ከቻርጀሩ እንደወጣ፣ እዚያው ሥሩ ላይ መቆለፍ አለበት፤ መሐል ላይ ቢሆን ከፊቱ ያለው ግማሽ ኬብል አንቴናነቱን ይቀጥላል። ኬብሉ በቀዳዳው ውስጥ አንዴ ከሚያልፍ ሦስት ጊዜ ቢዞር ጥቅሙ ሦስት እጥፍ ሳይሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል፤ የመከላከል አቅሙ የሚያድገው በዙሩ ብዛት ካሬ ስለሆነ ነው። ይህ ያለ ገደብ አይቀጥልም፤ ዙሩ ሲበዛ በኤፍ ኤም ድግግሞሽ ረብሻው ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው መዝለል ይጀምራል። የማዕድኑ ዓይነትም ይለያያል፤ ከኒኬልና ከዚንክ የተሠራው ለኤፍ ኤምና ለዳብ ይስማማል፣ ከማንጋኒዝና ከዚንክ የተሠራው ለዝቅተኛ ድግግሞሾች ነው። በገበያ ላይ ያለው ተቆላፊ ፌራይት አብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ መካከለኛ ሞገድን ያድናል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

በኃይል መስመሩ የሚመለሰው ረብሻ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ቻርጀሩ በቀጥታ ላይተሩ ውስጥ ስለሚገባ ፌራይት የሚቆለፍበት ገመድ የለም። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከላይተሩ ጀርባ ወይም በቴፑ የኃይል ሽቦ ላይ ከሽቦ ጥቅልና ከካፓሲተር የተሠራ ማጣሪያ ሊገጥም ይችላል፤ ማጣሪያው ግን የመስመሩን አምፔር የሚችል፣ ፊውዙም በቦታው የቀረ መሆን አለበት። አንዳንዶች ቻርጀሩን ትተው ፓወር ባንክ ይጠቀማሉ። ፓወር ባንክም በውስጡ የሚያበራና የሚያጠፋ ትራንዚስተር አለው፤ ከመኪናው ሽቦ ጋር ስለማይገናኝ አንዱን መንገድ ይዘጋል፣ በኬብሉ የሚሰራጨው ግን ይቀራል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልረዳ ቻርጀሩን መቀየር ነው። በእርግጥ ከዚህ መጀመር ይሻል ነበር የሚል አንባቢ አይሳሳትም፤ ችግሩ የተሻለውን ቻርጀር ከሌላው መለየት ላይ ነው።

የተሻለ ቻርጀር በምን ይታወቃል?

በመግቢያውና በመውጫው ላይ የማጣሪያ ኢንዳክተርና ካፓሲተር የተገጠመለት፣ ሰሌዳው አጭርና ጥብቅ ሆኖ የተነደፈ ቻርጀር ረብሻው በራሱ ውስጥ ይቀራል። ርካሹ ቻርጀር ሲከፈት ለማጣሪያው የተተወው ቦታ በሰሌዳው ላይ ታትሞ፣ ክፍሉ ግን ሳይገጠም ባዶውን የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ቻርጀሩ ያለ እሱም ስልክ ስለሚሞላ ገዢው የጎደለውን አያውቅም። ለተሽከርካሪ ተብለው የሚሠሩ ቺፖች በሌላ ብልሃትም ይጠቀማሉ። አንዳንዶቹ 400 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ወይም ከ2 ሜጋ ኸርዝ በላይ እንዲሠሩ ተደርገው መሠረታዊው ድግግሞሽ ከ530 እስከ 1710 ኪሎ ኸርዝ ካለው የመካከለኛ ሞገድ መስመር ውጭ እንዲወድቅ ይደረጋል። ሌሎቹ ድግግሞሹን ሆን ብለው በጥቂቱ ያወዛውዙታል፤ ረብሻው አንድ ቦታ ላይ ከመሾል ይልቅ ተበትኖ ይሳሳል።

የረብሻን ልክ የሚወስኑ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመውና ሲስፐር በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ኮሚቴ ቁጥር 25 የሆነውን ደረጃ ያወጣው በተሽከርካሪ ውስጥ ያሉ መቀበያዎችን በዚያው ተሽከርካሪ ካሉ መሣሪያዎች ለመጠበቅ ነው። የመኪና አምራቾች ከፋብሪካ በሚገጥሟቸው ዕቃዎች ላይ ይህን ይጠይቃሉ፤ ከመኪናው ጋር የመጣ የዩኤስቢ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮውን የማይረብሸውም ስለዚህ ነው። ከመንገድ የሚገዛ ቻርጀር በዚህ ደረጃ እንዲለካ የሚያስገድደው የለም። በአሜሪካ ደንብ እንኳ በተሽከርካሪ ውስጥ ብቻ የሚያገለግሉ ዲጂታል መሣሪያዎች ጎጂ ረብሻ እንዳይፈጥሩ ከሚለው አጠቃላይ ግዴታ በስተቀር ከቁርጥ የልኬት ገደቦች ነፃ ናቸው። በቻርጀር ላይ የታተሙ ምልክቶችም በቀላሉ ስለሚቀዱ ለገዢ ብዙ ዋስትና አይሰጡም።

ከምልክቱ ይልቅ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ ታማኝ ናት። በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ተደርጋ ስልክ እየሞላ ወዳለ ቻርጀርና ኬብል ስትጠጋ ጩኸቷ ይጨምራል፤ ከሁለት ቻርጀሮች የትኛው ንጹሕ እንደሆነ ስትጠጋ ጩኸቷ በሚጀምርበት ርቀት ማወዳደር ይቻላል። ሁሉም ቻርጀር በጣም ሲቀርቡት ይሰማል፤ ግማሽ ሜትር ርቃ ዝም የምትል ከሆነ ቻርጀሩ ለመኪና ይበቃል። ባለሱቁ መኪናው ውስጥ ሰክቶ ለመሞከር የሚፈቅድ ከሆነማ ከዚህ የተሻለ የለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነስ?

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ጥያቄው እየተነሣ ነው። የኤሌክትሪክ መኪኖችም ለመብራት፣ ለቴፕና ለላይተር የሚሆን 12 ቮልት መስመር ስላላቸው ስለ ቻርጀር የተባለው ሁሉ ለእነሱም ይሠራል። ልዩነቱ ከቻርጀሩ ጋር በአንድ ዘዴ የሚሠራ፣ ነገር ግን በመቶዎች ቮልት እያበራ የሚያጠፋ ትልቅ መሣሪያ ሞተሩን የሚያንቀሳቅስ መሆኑ ነው። ቢ ኤም ደብሊው አይ 3 የተባለችውን መኪና ለአሜሪካ ገበያ ያለ ኤ ኤም፣ ማለትም ያለ መካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ያቀረበው፣ ፎርድም እ.ኤ.አ. በ2023 ኤ ኤምን ከአዳዲስ መኪኖቹ ሊያወጣ አስቦ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ሐሳቡን የለወጠው ከዚህ ጋር በተያያዘ ክርክር መሐል ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ቻርጀሩን ሲፈትሽ መኪናውን ለጉዞ ዝግጁ ሳያደርግ ቴፑን ብቻ በሚያሠራው ሁኔታ ላይ ቢሞክር የሁለቱን ረብሻ ይለያል፤ መካከለኛ ሞገድ ላይ ያለው ጩኸት መኪናው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚመጣ ከሆነ በቻርጀር ለውጥም ሆነ በፌራይት የሚስተካከል አይደለም።